የጀልባን የናፍጣ ሞተር ከባሕር ውኃ ወደ ንጹሕ ውኃ ማቀዝቀዣ መለወጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰጡት መልሶች ከ10 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን፣ በጀልባ ሆድ ውስጥ የሚገጠሙ የናፍጣ ሞተሮች ይመለከታሉ።

በባሕር ውኃና በንጹሕ ውኃ ማቀዝቀዝ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

በባሕር ውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ፓምፑ ከጀልባው ግርጌ ካለው ቀዳዳ ውኃ ይስብና በቀጥታ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይልከዋል። ውኃው በሲሊንደሮቹ ዙሪያና በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ውስጥ አልፎ ሙቀታቸውን ከወሰደ በኋላ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። በንጹሕ ውኃ በሚቀዘቅዘው ግን ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው እንደ መኪና ሁሉ የታሸገና ዝገት መከላከያ የተቀላቀለበት ውኃ ነው። መኪና ይህን ውኃ የሚያቀዘቅዘው በራዲያተርና በነፋስ ሲሆን፣ ጀልባ ደግሞ በሙቀት መለዋወጫ ነው። ይህ ዕቃ በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተደረደሩበት በርሜል መሳይ ነገር ነው፤ በቱቦዎቹ ውስጥ የባሕር ውኃ፣ በቱቦዎቹ ዙሪያ የሞተሩ ውኃ ያልፋል፣ ሁለቱም ሳይነካኩ ሙቀት ይቀባበላሉ።

ስለዚህ ከለውጡ በኋላ የባሕር ውኃ ከሞተሩ ውስጥ ይወጣል እንጂ ከጀልባው አይቀርም። ፓምፑ፣ ማጣሪያውና ጭሱን የሚያቀዘቅዘው መስመር ባሉበት ይቆያሉ። ከዚህ በኋላ የባሕሩን ወይም የሐይቁን ውኃ «የውጭ ውኃ»፣ ታሽጎ የሚዞረውን «የውስጥ ውኃ» እንላቸዋለን።

የባሕር ውኃ ሞተሩን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚያስበው ዝገቱን ብቻ ነው። ዝገቱ እርግጥ ነው፤ ከጊዛ (በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት) የተሠራ ሞተር ጨዋማ ውኃ ውስጡ እየዞረ ለዓመታት ሲሠራ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል። ነገር ግን ሞተሩን ቀድሞ የሚያንቀው ብዙውን ጊዜ ደለሉ ነው። ባለ ጀልባዎች «ጨው ያዘው» ይላሉ፤ በእርግጥ ግን የሚጋገረው የገበታ ጨው ሳይሆን በአብዛኛው ኖራ ነው፣ ማለትም ከባሕር ውኃ ውስጥ የሚለዩት የካልሲየምና የማግኒዚየም ውህዶች። እነዚህ ውህዶች ከስኳርና ከሌሎች ብዙ ነገሮች በተቃራኒ ውኃው በሞቀ ቁጥር የመሟሟት አቅማቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሚጣበቁት ብረቱ በጣም በሚሞቅበት ቦታ ላይ ነው፣ ያም ማለት ከሁሉ ይበልጥ መቀዝቀዝ በሚገባው በቴስታታውና በሲሊንደሩ አናት ዙሪያ ነው። በማንቆርቆሪያ ግርጌ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ይህን ለመከላከል አምራቾች በባሕር ውኃ የሚቀዘቅዙ ሞተሮችን ሆን ብለው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲሠሩ ያደርጓቸዋል። ለምሳሌ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ ባለ ሸራ ጀልባዎች የተገጠመው ያንማር 2ጂኤም20 በባሕር ውኃ ሲቀዘቅዝ ቴርሞስታቱ (ውኃው ሲሞቅ የሚከፈተው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው በ42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የዚያው ሞተር ወንድም፣ በንጹሕ ውኃ የሚቀዘቅዘውና በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» የተጨመረለት፣ የሚከፍተው በ71 ዲግሪ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ29 ዲግሪ ልዩነት የዚህ ገጽ ዋና ጉዳይ ነው፤ ለውጡ አንድ ዕቃ መጨመር ብቻ ሳይሆን ሞተሩ የሚኖርበትን ሙቀት መቀየር ነውና።

ታዲያ ከለውጡ ምን አገኛለሁ?

አንደኛ፣ ዝገቱና ደለሉ በሞተሩ ውስጥ ይቆማሉ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ለናፍጣ በሚስማማው ሙቀት ይሠራል። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣው በደንብ ስለማይቃጠል ጥቀርሻ ይበዛል፣ ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ከነዳጁ ድኝ የሚመጣው አሲድም ከእርጥበቱ ጋር በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ በጀልባው ላይ የገላ መታጠቢያ ውኃ በሞተሩ ሙቀት የሚያሞቅ ጋን ካለ፣ በ45 ዲግሪ ፋንታ 75 ዲግሪ የሚጠጋ ውኃ ያገኛል፤ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ባለ ጀልባዎችን ወደ ለውጡ የገፋቸው እርሱ ነው።

የማያስገኘውም አለ። ጉልበት አይጨምርም፣ የነዳጅ ፍጆታውንም በኪስ በሚሰማ መጠን አይቀንስም።

ሞተሬ አሮጌ ነው፤ ለውጡ ያዋጣል?

የለውጡ ወጪ ሙቀት መለዋወጫ፣ ሁለተኛ ፓምፕ፣ የውስጥ ውኃው መሙያ ጋን፣ ጎማዎችና መደገፊያዎች ሲደመሩ ቀላል አይደለም፤ ለአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ወጪው ሞተሩ ቢሸጥ ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። እኔ የምለው ግልጽ ነው፦ ለውጡ ጤነኛ ሞተርን ከወደፊት ጉዳት ያድናል፣ የታመመውን ግን አይፈውስም። ለ20 ዓመት የባሕር ውኃ ውስጡ የዞረበት ሞተር ግድግዳው ሳስቶ ከሆነ፣ ቀዳዳውን እስከ አሁን የደፈነው ያው ደለል ሊሆን ይችላል። ደለሉ ሲጸዳና ግፊት ሲጨመር ውኃው ወደ ሲሊንደሩ ወይም ወደ ዘይቱ መንገዱን ያገኛል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለኩ፣ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው ዘይቱ ወተት መምሰሉን ይዩ፣ ከሁሉም በላይ የሞተሩን የውኃ መስመር ዘግተው በእጅ ፓምፕ ወደ 1 ባር የሚጠጋ የአየር ግፊት ሞልተው ለሩብ ሰዓት ይተዉት። የግፊት መለኪያው መርፌ ከወደቀ ቀዳዳው የት እንዳለ ሳያውቁ ወደ ሥራው አይግቡ። አዲስ ሞተር የገዙና ገና ከመጀመሪያው የሚለውጡ ሰዎች ግን በዚህ ጥያቄ መጨነቅ የለባቸውም።

ዝግጁ ስብስብ ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም?

ለሞተርዎ ተብሎ የተዘጋጀ ስብስብ ካለ እርሱን መግዛት ይሻላል፤ መደገፊያዎቹ፣ የቺንጋው መዘውርና የጎማዎቹ ቅርጽ አስቀድሞ ተለክተዋል። በእንግሊዝ አገር የሚገኘው ቦውማንን የመሳሰሉ አምራቾች የመሙያ ጋኑንና ሙቀት መለዋወጫውን በአንድ አካል አድርገው ይሠራሉ፤ እንዲህ ያለው አሠራር የጎማ ብዛትና የፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ) ብዛት ስለሚቀንስ የሚያንጠባጥብባቸውም ቦታዎች ጥቂት ይሆናሉ።

ራስዎ ከገጣጠሙ የሚያስፈልጉት ሙቀት መለዋወጫ፣ የውስጥ ውኃውን የሚያዞር ፓምፕ፣ ግፊት የሚይዝ ክዳን ያለው ጋን፣ አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ የሙቀት ማንቂያ፣ ሙቀት የሚችሉ ጎማዎችና ጥራት ያላቸው ፋሼታዎች ናቸው። የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ በዚህ መስመር ላይ ቦታ የለውም፤ በ80 ዲግሪ ይለሰልስና በመሳብ በኩል ይጣበቃል።

ከለውጡ በፊት የሞተሩን ውስጥ ማጽዳት ግዴታ ነው?

አዎን፤ ይህን ደረጃ መዝለል የለውጡ ትልቁ ስህተት ነው። ደለሉ በውስጡ ከቀረ ንጹሕ ውኃ አያሟሟውም፤ ሙቀትን እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዛል። ሞተሩ ቀድሞ በ50 ዲግሪ ሲሠራ ደለሉ የሸፈነው የቴስታታ ክፍል 90 ዲግሪ ነበረ እንበል፤ አሁን ውኃው ራሱ 80 ሲሆን ያ ክፍል ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። በሞተሩ ጎን ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ቡሎን ይፍቱት። ውኃ ካልወጣ ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነው፤ በሽቦ ወይም በጠባብ ጠመዝማዣ እየቆፈሩ ይክፈቱት፤ የሚወጣው የዝገት ጭቃ ብዛት ስለቀረው ይነግርዎታል። ከዚያ ቴርሞስታቱን አውጥተው ትንሽ ፓምፕ፣ ባልዲና ሁለት ጎማዎች በመጠቀም ከ5 እስከ 10 ከመቶ የሆነ የሲትሪክ አሲድ ሙቅ ድብልቅ ለጥቂት ሰዓታት ያዙሩበት። አሲዱ ኖራውን ሲያገኘው ይፈላል፤ መፍላቱ ሲያቆም ወይ አሲዱ አልቋል ወይ ኖራው አልቋልና አዲስ ድብልቅ ጨምረው ያረጋግጡ። በመጨረሻ ቤኪንግ ሶዳ በተሟሟበት ውኃ አሲዱን አምክነው፣ በብዙ ንጹሕ ውኃ ያጥቡት። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፈጣን ቢሆንም ከአሉሚኒየም የተሠሩ ክፍሎችን ይበላል፤ ሞተርዎ የአሉሚኒየም ክዳኖች ካሉት አይንኩት።

ቴርሞስታቱን ሳልቀይር ብተወው ምን ይሆናል?

ሞተሩ ይሠራል፣ ነገር ግን ወጪውን ያወጡበትን ጥቅም ግማሹን አያገኙም፤ በ42 ዲግሪ የሚከፍት ቴርሞስታት ሞተሩን በቅዝቃዜው ያኖረዋል። ስለዚህ አምራቹ ለንጹሕ ውኃው ዓይነት የወሰነውን ይግጠሙ።

የሚረሳው ግን የሙቀት ማንቂያው ነው። በባሕር ውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ማንቂያ የሚጮኸው በ60ዎቹ ዲግሪዎች ውስጥ ነው፤ አዲሱ ሞተር በደኅና ቀኑ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ማንቂያው ሳያቋርጥ ይጮኻል። ባለ ጀልባው ይሰለችና ሽቦውን ይነቅለዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ እስኪቃጠል የሚያስጠነቅቀው የለም። ማንቂያውን በ95 ዲግሪ አካባቢ በሚሠራ ይተኩት። በተጨማሪ በጭስ ማውጫው ጎማ ላይ የሚታሰር ሁለተኛ የሙቀት ማንቂያ ቢኖር እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የውጭው ውኃ ሲቋረጥ የውስጡ ውኃ እስኪሞቅ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ የጭሱ ጎማ ግን ወዲያው ማረር ይጀምራል።

ነባሩ ፓምፕ የትኛውን ውኃ ያዙር?

የጎማ ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋ ባለ ክንፍ መዘውር) ያለው ነባሩ ፓምፕ የውጭውን ውኃ ማዞሩን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ፓምፕ ራሱ መሳብ ይችላል፣ ቀዝቃዛ ውኃንም ይወዳል። ለውስጡ ውኃ የሚሆነው በመኪና ላይ እንዳለው ያለ፣ የብረት ወይም የፕላስቲክ ክንፍ ያለው ማዞሪያ ፓምፕ ነው፤ እርሱ መሳብ ስለማይችል ከጋኑ በታች መሆን አለበት።

አዲሱ ፓምፕ በቺንጋ የሚነዳ ከሆነ መዘውሮቹ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በቀጥ ያለ ዘንግ ያረጋግጡ፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል የተዛነፈ ቺንጋ ጥቁር ብናኝ እየረጨ ቶሎ ያልቃል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ለመግጠም ቀላል ነው፣ ሆኖም ፊውዝ ሲቃጠል ወይም ሽቦው በጨው ሲበላ ሞተሩ መዞሩን ሲቀጥል ፓምፑ ብቻ ይቆማል። በባሕር ላይ ይህን አደጋ ለምን እንደምገዛ አይገባኝም።

ሙቀት መለዋወጫው ምን ያህል ትልቅ ይሁን?

በናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ኃይል በግምት አንድ ሦስተኛው ዘንጉን ያዞራል፣ አንድ ሦስተኛው በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው አብዛኛው በማቀዝቀዣው ውኃ ይሄዳል። እንግዲህ 15 ኪሎ ዋት (20 የፈረስ ጉልበት ገደማ) የሚሰጥ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ወደ 15 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ለውኃው ያስረክባል ብለን እናስላ። ይህን ሙቀት በ10 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ተሸክሞ ለመውጣት በደቂቃ ወደ 22 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ፓምፑ በደቂቃ 11 ሊትር ብቻ ከሰጠ ጭማሪው 20 ዲግሪ ይሆናል።

አሁን የውኃውን ሙቀት እንመልከት። ለሰሜን አውሮፓ የተሠላ መለዋወጫ 15 ዲግሪ የሆነ ባሕርን ያስባል። በደቡብ ቀይ ባሕር በሞቃቶቹ ወራት የላዩ ውኃ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤም እንዲሁ ነው። የውስጡ ውኃ 80 ዲግሪ ቢሆን፣ በ15 ዲግሪ ባሕር ላይ በሁለቱ መካከል 65 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል፤ በ32 ዲግሪ ባሕር ላይ ግን 48 ብቻ። ያው ዕቃ የማቀዝቀዝ አቅሙ በሩብ ያህል ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ወይም ከባሕረ ሰላጤው ወደቦች የሚነሳ ጀልባ ከአምራቹ የመጠን ሰንጠረዥ አንድ ደረጃ የሚበልጠውን መለዋወጫ ቢመርጥ ገንዘቡን አላባከነም። ቴርሞስታቱ ከመጠን በላይ መቀዝቀዝን ስለሚከለክል ትልቅ መሆኑ አይጎዳም።

አንድ ወሰን ግን አለ። የውጭው ውኃ ከመለዋወጫው ሲወጣ ከ50 ወይም ከ55 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ ከሞተሩ ያባረርነው ኖራ አሁን በመለዋወጫው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። የቀይ ባሕር ውኃ በኪሎ ከ36 እስከ 41 ግራም ጨው ሲይዝ የውቅያኖሶች አማካይ 35 ነው፤ እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ቱቦዎቹን ቶሎ ቶሎ ከፍተው ማየት ይኖርባቸዋል።

ጋኑ የት ይቀመጥ? ክዳኑስ ለምን ግፊት ይይዛል?

ጋኑ የውስጥ ውኃው ከሚዞርበት መስመር ሁሉ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ከጋኑ በላይ ያለ ማንኛውም ጎማ አየር ይይዝና ዝውውሩን ያቋርጣል። የገላ መታጠቢያው ውኃ ማሞቂያ ከሞተሩ በላይ በሆነባቸው ጀልባዎች ይህ የተለመደ ችግር ነው፤ መፍትሔው ከማሞቂያው ከፍ ያለ ተጨማሪ ጋን መስቀልና ግፊት የሚይዘውን ክዳን ወደዚያ ማዛወር ነው።

ክዳኑ ብዙውን ጊዜ 0.9 ባር ይይዛል፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው በ118 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ነገር በደጋ ሐይቆች ላይ ክብደት አለው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ ክፍት ውኃ እዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያረጀና ግፊት የማይዝ ክዳን የገጠመ ሰው በወደብ ከተማ ሳይቸገር የሠራበትን ሞተር ባሕር ዳር ሲያመጣው ውኃውን ሲተፋ ቢያየው አይገረም።

ምን ዓይነት ውኃ ልሙላበት?

የተጣራ (የባትሪ) ውኃና ኩላንት። ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ ሲደባለቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ውኃው በረዶ እንዳይሆን ይከላከላል፤ ሆኖም ብርድ በሌለበት አገር የምንፈልገው በውስጡ ያለውን የዝገት መከላከያ ስለሆነ ሲሶ ኩላንትም ይበቃል። ኩላንት ሲበዛ የውኃው ሙቀት የመሸከም አቅም ይቀንሳል። ዓይነታቸው የተለያየ ኩላንቶችን አይቀላቅሉ፤ ቀለማቸው አንድ መሆኑ ዓይነታቸው አንድ መሆኑን አያሳይም። ተራው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል።

ኤትሊን ግላይኮል የሚባለው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ሕፃናትና ውሾች ይልሱታል። ወደ ጀልባው ግርጌ አፍስሰው በፓምፕ ወደ ውኃው አይልቀቁት።

በሞተሩ ውስጥ የነበሩት የዚንክ ዘንጎች ይቆዩ?

ይውጡ። እነዚህ ዘንጎች በባሕር ውኃ ውስጥ በሞተሩ ፈንታ እንዲበሉ ነው የተቀመጡት፤ በኩላንት ውስጥ ግን ዚንኩ ከዝገት መከላከያው ጋር ተዋግቶ አተላ ይፈጥራል፣ አተላውም ጠባብ መንገዶችን ይዘጋል። ቀዳዳዎቹን በተስማሚ ቡሎንና ሮንዴላ ይድፈኑ።

በምትኩ ዚንክ የሚያስፈልገው አሁን ሙቀት መለዋወጫው ነው፤ የመዳብና የኒኬል ቱቦዎች፣ የናስ ክዳኖችና የባሕር ውኃ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል። ዘንጉ ግማሹ ሲያልቅ ይለውጡት፤ ተሰብሮ የወደቀ ቁራጭ ቱቦዎቹን እንዳይዘጋም ሲቀይሩ ቁራጩን ፈልገው ያውጡ። ጀልባው የሚሠራው በጨው አልባ ሐይቅ ላይ ከሆነ ዚንክ በሽፋን ተይዞ ሥራውን ስለሚያቆም ማግኒዚየም ይመረጣል።

የጭስ መሰብሰቢያውን ከየትኛው መስመር ላገናኘው?

በሁለት መንገድ ይሠራል። የጭስ መሰብሰቢያው በውጭው ውኃ እንዲቀዘቅዝ ከተተወ ሥራው ይቀላል፣ ሙቀት መለዋወጫውም ከሸክሙ ከፊሉ ይቀልለታል። ነገር ግን በዝገት የመጀመሪያ የሚሆነው ይህ ክፍል ነው፤ ከተቀደደም የባሕር ውኃ በተከፈተው ቫልቭ በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። መለዋወጫው አቅም ካለው መሰብሰቢያውን በውስጥ ውኃው መስመር ማስገባት የተሻለ ነው። የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ካለ ግን በውጭው ውኃ መስመር ላይ፣ ከመለዋወጫው በፊት ይቀመጥ።

የውጭው ውኃ ከጭሱ ጋር የሚገናኝበት ክርን ጀልባው ከተንሳፈፈበት የውኃ ወለል በታች ከሆነ ወይም በ15 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠው፣ መስመሩ ወደ ላይ ቀስት ሠርቶ አናቱ ላይ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ሊኖረው ይገባል። ይህ ከሌለ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ውኃው በራሱ እየተሳበ ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ ማፈኛ) ሞልቶ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል።

ጣና ላይ ለሚሠራ ጀልባም ይህ ለውጥ ያስፈልጋል?

የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ከላይ የተባለው የዝገት ጉዳይ በእጅጉ ይቀልላል። እዚያ የሚያስቸግረው ወንዝ የሚያመጣው ደለልና እምቦጩ ነው፤ በክረምት ገባሮቹ የሚያመጡት አፈር ኢምፔለሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፣ የእምቦጭ ሥርም የመሳቢያውን ወንፊት ይሸፍናል። ተራ ሙቀት መለዋወጫ ይህን አይፈታውም፤ እርሱም ቢሆን የውጭ ውኃ ይፈልጋልና፣ ጠባብ ቱቦዎቹም ከሞተሩ ሰፊ መንገዶች ይልቅ ቶሎ ይደፈናሉ።

ለእንዲህ ያለ ውኃ እኔ የምመርጠው የውስጥ ውኃውን በጀልባው ግርጌ በውጭ በኩል በተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ ማዞር፣ ወይም በብረት ጀልባ ከሆነ ከወለሉ ጋር በተበየደ ጠፍጣፋ ጋን ውስጥ ማሳለፍ ነው። በእንግሊዝ አገር ቅጠልና ቆሻሻ በሚበዛባቸው ቦዮች ላይ የሚሠሩት ጠባብ ጀልባዎች በብዛት የሚቀዘቅዙት በዚህ መንገድ ነው። ዋጋው የጭሱ መስመር ነው፤ የሚረጭበት ውኃ ስለማይኖር ሙቀት በሚችል ሽፋን የተጠቀለለ ደረቅ የብረት ማርሚታ ማበጀት ይኖርብዎታል።

በባልዲና በቧንቧ ውኃ ከጉዞ በኋላ ማጠብ ለውጡን አይተካም?

በከፊል ይተካል፤ ሞተሩ ጥቂት ዓመት ብቻ እንዲያገለግልዎት ከፈለጉ ርካሹ ምርጫ ይህ ነው። ዝገቱን ያዘገያል፣ ቀድሞ የተጋገረውን ኖራ ግን አያስለቅቅም። መሳቢያውን ጎማ በንጹሕ ውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነክረው ሞተሩ ራሱ እንዲስብ ያድርጉ። የከተማ ቧንቧን በቀጥታ ከሞተሩ ጋር አገናኝተው ሞተሩ ሳይሠራ አይክፈቱ፤ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውኃው ማርሚታውን ሞልቶ ወደ ሲሊንደሮቹ ይመለሳል። ውኃ አይታመቅም፤ በሚቀጥለው ማስነሻ የሚታጠፈው የፒስተኑ ክንድ ነው።

ለውጡን ከጨረስኩ በኋላ በሙሉ ጉልበት ብቻ ይሞቃል፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

በዝግታ ደኅና ሆኖ በሙሉ ጉልበት ብቻ የሚሞቅ ሞተር ዝውውር አለው፣ አቅም ግን አንሶታል። በመጀመሪያ የውጭውን ውኃ ይለኩ፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን በባልዲ ለ30 ሰከንድ ተቀብለው በሁለት ያባዙት። ከዚያ የመለዋወጫውን የውጭ ውኃ መግቢያና መውጫ ሙቀት ይለኩ። ፍሰቱ ትንሽ፣ የሙቀት ጭማሪው ትልቅ ከሆነ ችግሩ ከወንፊቱ፣ ከኢምፔለሩ ወይም ከተጣበበ ጎማ ነው። ፍሰቱ በቂ፣ ጭማሪው ግን ትንሽ ከሆነ ሙቀቱ ከውስጡ ውኃ ወደ ውጭው እየተላለፈ አይደለም፤ አየር ይዟል፣ የማዞሪያው ፓምፕ ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ወይም ሁለቱ ጎማዎች በተገላቢጦሽ ተገናኝተዋል። ሁለቱም ደኅና ሆነው የሚሞቅ ከሆነ ወደማይወደደው መልስ እንመለሳለን፤ ደለሉ ሙሉ በሙሉ አልጸዳም።

ፕሮፔለሩንም አይርሱ። ቁመተ ርምጃው (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) የበዛ ወይም ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረታት የተጣበቁበት ፕሮፔለር ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያስጨንቀዋል፤ ጥቁር ጭስ ካዩ ማቀዝቀዣውን ከመወንጀልዎ በፊት ወደ ውኃው ጎንበስ ብለው ይመልከቱ።

የውስጥ ውኃው መጠን ይቀንሳል፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ግን አይታይም። የት ይሄዳል?

ሁለት ስውር መንገዶች አሉት። አንዱ በቴስታታው ጓርኒሲዮን በኩል ወደ ሲሊንደር ነው፤ ምልክቱ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስና፣ ጋኑ ተከፍቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ የሚታይ አረፋ ነው። ሌላው በተቀደደ የመለዋወጫ ቱቦ በኩል ወደ ባሕር ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የውስጡ ግፊት ስለሚበልጥ ኩላንቱ ወደ ውጭው ውኃ አምልጦ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መለዋወጫው ከባሕሩ የውኃ ወለል በታች ከሆነ የባሕር ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ ቀን ጎድሎ፣ በማግስቱ ሞልቶ ያገኙታል። ጨው መግባቱን ለማረጋገጥ በምላስ አይቅመሱት፤ መርዝ ነው።

የመለዋወጫውን ሁለት ክዳኖች ፈትተው፣ የውስጡን መስመር በእጅ ፓምፕ በግፊት ሞልተው የቱቦዎቹን አፎች በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ጠብታ የሚያቀርረው ቱቦ የተቀደደው እርሱ ነው። ከጠቅላላው ከ10 አንዱ ያህል ብቻ ከሆኑ ሁለቱንም ጫፎቻቸውን በናስ ወይም በመዳብ ሽብልቅ ደፍኖ መቀጠል ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ የቱቦዎቹ እስር በሙሉ ይለወጥ።